ያልነደፍኸውን አውሮፕላን አልቀበልልህም

ውድ ተሾመ፣

ከተለያየን እነሆ አንድ ዓመት ሞላ። ደብዳቤ በጤና ጥያቄ እንደሚጀመር ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ፣ ዛሬ «እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምርልህ አልቻልሁም፤ መልስ ሊሰጥ የማይችልን ሰው መጠየቅ ጨዋነት አይደለምና። ስለዚህ የራሴን ልንገርህ። ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል፤ ዓይኔ ግን የሌላውን ሰው ስሕተት ዛሬም ከሩቅ ያያል። ከሁሉም በላይ ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬ ግን በአንተ ላይ እንዳይመስልህ።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ከበራችን ፊት ለፊት ባለው ጥላ ሥር የባጃጅ ሾፌሮች ተራ መጠበቅ ጀምረዋል፤ በቀትር እንቅልፌ ሰዓት ሙዚቃ እንዳይከፍቱ ነግሬያቸው ሰምተውኛል። የሳሎኑ ማራገቢያ ተጠግኖ መንቋቋቱን ትቷል። ክፍልህን ግን አልነካሁትም። መጻሕፍትህ አንተ በደረደርሃቸው ቅደም ተከተል አሉ፤ ከላይ ስለ ሙከራ አውሮፕላኖች የሚተርኩት፣ ከታች ስለ በራሪ ሳህኖች የሚከራከሩት። ሁለቱን ወገኖች ባንድ ረድፍ ላይ አታስቀምጣቸውም ነበር።

ይህን ደብዳቤ ሌሎችም እንዲያነቡት ስለምፈልግ አንተ የምታውቀውንም እጽፋለሁ፤ ታገሠኝ።

አንተ የንድፍ ሠራተኛ ነበርህ። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የእግረኛ ድልድይ፣ የገበያ አዳራሽ፣ የጎርፍ መውረጃ ስትነድፍ ኖርህ፤ ከነደፍሃቸውም ብዙዎቹ ከወረቀት አልወጡም። በዚህ ስትበሳጭ አይቼህ አላውቅም። አንድ ጊዜ እዚሁ ሰፈራችን ከዚራ፣ ቤት የሚለቅ ሰው ከሚሸጠው ዕቃ መካከል አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አገኘህ። ተነድፈው ስላልተሠሩ አውሮፕላኖች የሚተርክ ነበር፤ ክንፋቸው ወደ ፊት ያዘነበለ፣ በጅራታቸው ቆመው ሽቅብ የሚነሡ፣ እንደ ሰፌድ ክብ የሆኑ። እራት ቀርቦ ቀዘቀዘ። «እዪው፣ ይህም እንደ እኔ ድልድይ ነው» አልኸኝ። ይህን ያልኸው ደስ ብሎህ እንጂ አዝነህ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰውን ሁሉ መጽሐፍ አምጣልኝ እያልህ ትለምን ጀመር። ሌላው ሰው ሽቶና ጨርቅ ሲያስመጣ፣ የእኔ ባል ሥዕሉ እንጂ አካሉ የሌለ አውሮፕላን ያስመጣ ነበር።

የበራሪ ሳህኑ ክርክር የተወለደው ከእነዚያ ክብ ንድፎች ነው። አንዱ ደራሲ ሰዎች በሰማይ ያዩት ነገር ከሌላ ዓለም የመጣ ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ መንግሥታት በስውር ያበረሩት ክብ አውሮፕላን ነው ይላል። አንተ በሁለቱም ትናደድ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ይበልጥ። ንድፍ አትመው «ይኸው በረረ» የሚሉትን አትምራቸውም ነበር። የተነደፈ ሁሉ እንደማይሠራ በራስህ እጅ ታውቀው ነበርና። በገጾቹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ማን አየ? ማስረጃው የት አለ?» ብለህ ትጽፋለህ፤ እኔም በመጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውር ነው እያልሁ እቆጣሃለሁ።

ተከራካሪህ ሐጂ አብዲ ነበር፤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው የሶማሌ ጎረቤታችን። እርሱ ደግሞ ከጀልዴሳ ሲመለስ፣ ማምሻውን፣ ከሜዳው በላይ ክብ ብርሃን ቆሞ አይቷል። አንተም ከቀትር እንቅልፍ በኋላ በሱቁ ደጃፍ ተቀምጠህ፣ የወተት ሻይህን እየጠጣህ፣ እንደ መርማሪ ትጠይቀው ነበር። ከኋላው ተራራ ነበር ወይስ ሰማይ? መኪናህ ቆሞ ነበር ወይስ እየሄደ? እርሱም «ወሪያ ተሾመ፣ አንተ መጽሐፍ አየህ፤ እኔ ሰማይ አየሁ» ይልሃል። አንተም ሰማዩን ማየቱን እንዳልካድህ፣ ርቀቱን የለካበትን ሜትር ግን እንዲያሳይህ ትነግረዋለህ። ዓመታት አለፉ፤ ሁለታችሁም ስንዝር ታህል አልተነቃነቃችሁም፤ አንድ ቀንም ተኳርፋችሁ አልተለያያችሁም።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልመለስ። በቀብርህ ዕለት እንደ ደንቡ የሕይወት ታሪክህ ተነበበ። ያዘጋጀው ልጃችን ሰሎሞን ነው፤ እኔ በዚያ ሰዓት እንኳን ጽሑፍ ላርም፣ ያለ ደጋፊ መቆምም አልቻልሁም ነበር። የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ሟቹን ከፍ ማድረግ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ሟች ሁሉ ሩኅሩኅ ነው፣ ሟች ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ክፍልህ ትሸሽ የነበርኸው አንተ እንግዳ ተቀባይ ስትባል ዝም አልሁ። ቀጥሎ ግን፣ «አቶ ተሾመ ልዩ ልዩ አውሮፕላኖችን የነደፉ፣ በበራሪ ሳህኖችም ላይ ጥልቅ ምርምር ያካሄዱ ሊቅ ነበሩ» ተባለ። ይህ የተባለው በአንተ ፊት ነው፤ መልስ ልትሰጥ በማትችልበት ሰዓት።

ወሬው ከለቀስተኛው ቀድሞ ከተማ ገባ። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ «የአውሮፕላን ሠሪው ቤት» እያሉ ሰው ማድረስ ጀመሩ። ከወራት በኋላ ደግሞ በስልኩ ቪዲዮ እየቀረጸ የሚያሰራጭ አንድ ወጣት መጣ፤ የተደበቀ እውነት የሚገልጥበት ዝግጅት አለው አሉ። መጻሕፍትህን ሊገዛ፣ ክፍልህን ሊቀርጽ፣ የእርሳስ ጽሑፍህንም ከድሬዳዋ የተገኘ ምስጢር ብሎ ሊያሳይ ፈለገ። «ማስረጃው የት አለ?» ብለህ የጻፍህበትን ገጽ ገልጦ፣ ማስረጃ መኖሩን ታውቅ እንደ ነበር ነገረኝ። እንዲህ የሚያነብ ተማሪ በክፍሌ ቢኖር ኖሮ ዓመቱን አስደግመው ነበር። መጽሐፉን ከእጁ ተቀብዬ አሰናበትሁት።

ሰሎሞን ግን መጻሕፍቱን ሊሰጠው ተስማምቶ ኖሯል። በዚህ ተጣላን። ነገሩ የገንዘብ አልነበረም፤ የቀብሩን ጽሑፍም አነሣሁበት። «እማዬ፣ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ ነበር?» አለኝ። «ያልተሠራ ድልድይ ነደፈ፣ ስላልተሠራ አውሮፕላን አነበበ ልበል? ሰው አባትህ ዕድሜውን በከንቱ ፈጀ አይለኝም?» ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ጊዜ ልጃችን የዋሸው ስለ አንተ ክብር ፈርቶ እንደ ሆነ ገባኝ። ገባኝ፤ አልተቀበልሁትም። አባቱን ትልቅ ላድርግ ብሎ ሌላ ሰው ፈጥሮ ቀበረ፤ እኔ አብሬው የኖርሁት ሰው ምንም ሳይነገርለት ቀረ።

በሙት ዓመትህ ዕለት፣ በድንኳኑ ውስጥ ሰው በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ፣ የጻፍሁትን ይዤ ተነሣሁ። የዕድሩ ዳኛ ደንግጦ መጣና የሕይወት ታሪክ በቀብር ዕለት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚነበብ፣ መድገሙ ልማድ እንዳልሆነ፣ ልጄንም በሰው ፊት እንደማሳፍረው በጆሮዬ ነገረኝ። እኔ ጮክ ብዬ መለስሁለት፦ «ስሕተት ያለበት ጽሑፍ ይታረማል። እርሱ ማረም ስለማይችል እኔ አርምለታለሁ።» ከዚያም አነበብሁ።

«ተሾመ አንድም አውሮፕላን አልሠራም፤ አንድም አውሮፕላን አልነደፈም። በራሪ ሳህንም አይቶ አያውቅም። ሌሎች ነድፈው ያልሠሯቸውን አውሮፕላኖች በመጻሕፍት እያየ ይደነቅ ነበር፤ ሰው የተነደፈውን ከበረረው፣ ያየውን ከገመተው እንዲለይ ሲከራከር ኖረ። እንግዳ አይወድም ነበር፤ ማንንም ግን አላታለለም። ይህ ለአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም የሚል ካለ ተነሥቶ ይናገር።»

ሰሎሞን አንገቱን ደፋ። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ማዕድ በኩል ሐጂ አብዲ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ።

«ቲቸር አንድ ነገር ትታለች» አለ፤ በዚህ ቃል መጠራት እንደማልወድ እያወቀ። «ይህ ሰው ስንት ዓመት ተከራከረኝ። ወላሂ፣ አንድ ቀን እሺ በለኝና ሻያችንን በሰላም እንጠጣ ብዬ ለምኜዋለሁ። እንቢ አለ። አሁን ብርሃኑን አየሁ ስል ሁሉም እሺ ሐጂ፣ እሺ ሐጂ ይለኛል፤ ሽማግሌ ነው ብለው። ደስ አይልም።»

ሊቀመጥ ሲል ቀና ብሎ፣ «ያየሁትን ግን አይቻለሁ» ብሎ ጨመረ። ሰው ሳቀ። በአንተ ሙት ዓመት ሰው ሲስቅ ሰማሁ፤ አልከፋኝም።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልጽፍልህም። ሰሎሞን እንደ ተቀየመኝ ነው። እሑድ ይመጣል፣ ይበላል፣ ስለ ሙቀቱ ያወራል፣ ይሄዳል። ባለፈው እሑድ ከመደርደሪያህ ፊት ረጅም ሰዓት ቆሞ ነበር፤ ምንም ሳያነሣ ወጣ። ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁትም፤ ይቅር በለኝም አላልሁትም፤ ጊዜ ግን እሰጠዋለሁ። ያ ወጣትም ያለ መጻሕፍቱ ስለ አንተ ቪዲዮ ሠርቶ አሰራጭቷል አሉ። ብዙ ሰው አይቶታል ይሉኛል። ድንኳን ውስጥ የሰማኝ ሰው ከዚያ ያንሳል፤ ይነስ። «አሮጊቷ ባሏን በሰው ፊት አዋረደች» የሚሉም ጎረቤቶች አሉ። ይበሉ። አርባ ዓመት አብሬው ተኝቼ የተነሣሁትን ሰው ከእነርሱ በላይ አውቀዋለሁ።

መጻሕፍትህ አይሸጡም። ማንበብ የፈለገ ከቀትር በኋላ መጥቶ በረንዳችን ላይ ያነብባል፤ ይዞ መውጣት የለም። ሐጂ አብዲም ፈረንሳይኛ ሳያውቅ ሥዕሎቹን ለማየት ይመጣል። እኔም ሽማግሌ ነው ብዬ እሺ አልለውም።

ውዴ፣ እንደማስታውስህ ቃል እገባልሃለሁ፤ እንዴት እንደማስታውስህ ግን ልወቅልሽ አትበለኝ። ስታነብ ከንፈርህን ታንቀሳቅስ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ጥያቄዬን ሳትሰማ «አዎ» ትለኝ እንደ ነበር፣ በኮትህ ኪስ የተቀረጸ እርሳስ ትተህ ኮቱን ታበላሽ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። አንዱንም አላሳምርልህም። ሰዎች በሞትህ ላይ የሚጨምሩልህ ክብር ሁሉ ከነበርኸው ከአንተ ላይ ቆርሶ ነው የሚሄደው፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከአንተ ላይ ማንም ምንም አይቆርስም።

ሚስትህ፣
ጥሩወርቅ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ