አጃቢ የማያስገባው ዋሻ

አርብ ገበያ፣ መጋቢት ፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ይድረስ ጀርመን አገር ላለው ልጄ ለአንዳርጌ ካሳ፤

ጤናህን ሳልጠይቅ አንድ ነገር ላስቀድም። ለፋሲካ መጥቼ የአባቴን ደም እመልሳለሁ ያልከውን ተወው። ትምህርትህን ያዝ። ግራዝማች ሀብቴን እኔ ጨርሼዋለሁ። አትደንግጥ፣ በሕይወት አለ። እንዲኖርም እጸልይለታለሁ፤ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፣ ደብረ ታቦር እስር ቤት ውስጥ።

እንዴት አድርገሽ ትለኝ ይሆናል። አንተው ባስተማርከኝ ነው። አባቴ መሪጌታው ቤተ ልሔም ላይ ፊደል ባያስቆጥረኝ ኖሮ ደብዳቤህን ለሰው አስነብቤ ምስጢራችን አገር ባዳረሰ ነበር። ያን የክረምቱን ደብዳቤህን ሰባት ጊዜ አነበብኩት። የምትማረው ኤሌክትሪክን በከሰልና በፈሳሽ ማጠራቀም ነው አልክ። ከሰሉ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ሞልቶበታል፤ ኤሌክትሪኩን የተሸከመችው ቅንጣት ደግሞ ብቻዋን አትሄድም፣ የፈሳሹ ቅንጣቶች ባላባት እንደሚታጀብ ከበዋት ነው የምትሄደው። አጃቢዋን ይዛ በጠባቡ ቀዳዳ አትገባም። ደጅ ጥላቸው ከገባች ግን ከከሰሉ ግድግዳ ጥግት ትላለች፣ ብዙም ይጠራቀማል። ፈሳሹ ሲለወጥ አጃቢውም ይለወጣል፤ አንዱ ቶሎ ይላቀቃል፣ አንዱ ሙጭጭ ይላል። መምህሮችህ በዚህ ገና ይከራከራሉ አልክ። እኔ አልተከራከርኩም። ደብዳቤውን አጥፌ «አገኘሁህ ሀብቴ!» አልኩ።

አባትህን በድንበር ጠብ ገድሎ ሰባት ዓመት ሙሉ በደጄ ሲንጎራደድ ማን ነካው? ለሽንት እንኳ ሲወጣ አሥራ ሁለት ጠመንጃ ያስከትላል። ምስክሩ ሁሉ አፉን የዘጋው እሱን ፈርቶ አይደለም፣ አጃቢውን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ጠባብ በር ፈለግሁለት።

ከገደሉ ሥር ያለውን የጸበል ዋሻ ታውቀዋለህ፣ በልጅነትህ ኩፍኝ ሲይዝህ አስጠምቄሃለሁ። አፉ አንድን ሰው በጎኑ ካልሆነ አያስገባም። ብረት ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ሀብቴን ቁርጥማት እንደያዘው ስሰማ ከመስከረም ጀምሮ የዋሻው ጠራጊ ሆንኩ። ሰው «ውዴ ልትመነኩስ ነው» አለ። ይበል።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት መጣ። አሥራ ሁለቱ ራቅ ብሎ ካለው ሾላ ሥር ቀሩ። እሱ ራቁቱን ገብቶ ከሚወርደው ጸበል ሥር ቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከኋላው ስርቻ ውስጥ ነበርኩ። ማጭድ ይዣለሁ፤ ጠራጊን ማን ይፈትሻል? አልዋሽህም፣ ለእሱ የተሳለ ነበር። ኋላ ግን መሬት አስቀመጥኩት። ማጭድ የሚገድለው አንዴ ብቻ ነው። በምትኩ የተገደለ ዕለት የለበሰውን፣ ከነደሙ ያላጠብኩትን የአባትህን ሸሚዝ ከጉያዬ አውጥቼ ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁና፣

«የማን ነው?» አልኩ፣ ድምፄን አጎርንኜ።

መጀመሪያ አሽከሮቹን በየስማቸው ጠራ። ሾላው ሩቅ ነው፣ ማን ይስማው። ከዚያ ሸሚዙን አየና ጮኸ።

«ካሳ፣ በቅዱስ ሚካኤል! ማረኝ! የተኮስኩብህ እኔ ነኝ! ጠመንጃህም አውድማዬ ላይ ተቀብሯል፣ ውሰደው!»

ዋሻው ያስተጋባል። ደጅ ተራ የሚጠብቀው ሠላሳ ሰው ሰማ፣ አጥማቂው አባ ወልደ ጊዮርጊስም ሰሙ። ፖሊስ አውድማውን ቢቆፍር የአባትህ ጠመንጃ ዝጎ ወጣ። ሀብቴ «መንፈስ ነው ያስለፈለፈኝ» ብሎ ሊክድ ሲል አባ ወልደ ጊዮርጊስ ዳኛው ፊት ቆመው፣ «ንስሐ ቢሆን አፌን በዘጋሁ። እኔ የሰማሁት ጩኸት ነው» አሉ። ከአሥራ ሁለቱ አጃቢ ዘጠኙ ሊመሰክሩበት ተሽቀዳደሙ። በየካቲት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

በሰንሰለት ሲነዱት ገበያው መሐል ቆሜ እልል አልኩ። ሽማግሌዎች «ይቅር በይ ውዴ፣ ጾም ነው» እያሉ ይመላለሳሉ። አስቀምጣቸዋለሁ፣ ጠላ እቀዳላቸዋለሁ፣ ይቅር ግን አልልም። ለዳግም ትንሣኤ ደብረ ታቦር እሄዳለሁ። ምንም አልናገረውም፤ እስኪያየኝ ቆሜ እመለሳለሁ። በየዓመቱም እሄዳለሁ።

እንግዲህ ደሙ ተመልሷል ብዬ ሸሚዙን ላጥብ ትናንት ወንዝ ወረድኩ። ጸበሉ አላስለቀቀውም ነበርና በእንዶድ አሸሁት። በአመድ ውሃ ዘፈዘፍኩት። አረቄም አፈሰስኩበት። ጨርቁ ሳሳ፣ ደሙ ግን እዚያው ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪመሽ አለቀስኩ፤ የአባትህ ለቅሶ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። አንተ የፈሳሽ ነገር ትማራለህና፣ የሰባት ዓመት ደም የሚያስለቅቅ ፈሳሽ እዚያ አገር ካለ ጻፍልኝ።

የቤተ ልሔሟ እመቤት በወጣህበት በገባህበት ትከተልህ። እጅህ ንጹሕ ነው፤ እንደዚያው ታቆይልኝ።

እናትህ ውዴ