በበሩ ፊት የሚያልፈው የብስክሌት መንገድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፤ ማታ
እማዬን አጣጥቤ፣ ጸጉሯን አበጥሬ አስተኛኋት። ግራ እጇ አሁንም በጄሶ ነው። ደክሞኛል።
ደብተሬ ሆይ፣ አወዳደቋን አልነገርሁህም። አዲሱ የብስክሌት መንገድ በቤ/ክኑ አጥር ሥር ያልፋል፤ የእግረኛው ከእሱ ወዲህ። በሩን ለመሳለም የብስክሌቱን መንገድ ማቋረጥ ግድ ነው። እማዬ ተሳለመች። ጀርባ ላለመስጠት፣ እንደ ልማዷ፣ የኋሊት ስትመለስ ብስክሌት ገጫት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19
የገጫት ሰው ሙዝ ይዞ መጣ። ይርጋ ይባላል፤ አናጢ ነው። እማዬ ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የምትነዳው አለችው። አቀረቀረ። አዎ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አንድ እጄን ለቅቄ እያማተብሁ ነበር አለ።
ከወደቀች ወዲህ ዛሬ ገና ሳቀች። «ሁለታችንም ስንሳለም! ታዲያ ማን ማንን ይክሰስ?»
እኔ አልሳቅሁም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21
የቀበሌ ስብሰባ። ብስክሌተኞች፦ እግረኛው መስመሩን አይጠብቅም። እውነት ነው። እግረኞች፦ እነሱ ይበራሉ። እሱም እውነት። ሁለቱን በብረት አጥር እንለያቸው ተባለ። አንድ ሽማግሌ ታዲያ ብረቱን ዘለን በሩን እንሳለም ወይ አሉ። ሳቅ። በጀት ሲመጣ ይታያል ተባለና ተበተንን።

እሑድ፣ ጥቅምት 23
ወንድሜ ከባሕር ዳር ደወለ። ከእንግዲህ እንዳትወጣ፣ ቤት ሆና ትጸልይ አለ። እማዬ ሰማች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምሳ አልቀመሰችም። እጄ እንጂ እግሬ አልተሰበረም አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው።
እኔም ፈርቻለሁ። ሌላው እጇስ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25፤ ረፋድ
ልትሳለም ወሰድኋት። ስትጨርሺ ዞረሽ ነይ ብላት፣ ለሰው እንኳ ጀርባ አይሰጥም አለችኝ። ምን ላድርግ? በብስክሌቱ መንገድ መካከል ቆምሁ፤ ፊቴን ወደሚመጡት፣ ጀርባዬን ወደ በሩ። እጆቼን ዘረጋሁ። በዕድሜዬ ለቤ/ክ እንዲህ ጀርባ ሰጥቼ ቆሜ አላውቅም። አፈርሁ።
አንዱ፣ እትዬ፣ ትራፊክ ሆንሽ እንዴ ብሎ ጮኸ። ከኋላው ይርጋ ደረሰ። ወረደ። ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጯሂውም ወረደ።
እማዬ ቀስ እያለች የኋሊት መጣች። ጀርባዋ ጀርባዬን ነካ።
ወስኛለሁ። ብረቱ ቢመጣም ቢቀርም፣ በየማለዳው እሷ ወደ በሩ፣ እኔ ወደ ብስክሌቱ። የእኔን ጀርባ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለወንድሜም ዛሬውኑ ደውዬ እማዬ ከመሳለም አትቀርም እለዋለሁ።
እየጠራችኝ ነው፤ ነጠላዋን ላቀብላት።