ተቆልፎበት ስለሚኖረው የሕክምና መብራት

ለፀዳለ ገጽ የቆዳ ሕክምና ማዕከል ክቡር ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማዕከልዎ የመብራት ክፍል በር የጠበቀ፣ ማንም የማይነካው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የቁስቋም ነዋሪና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ታናሽ እህቴ የትነበርሽ ከአልቢኒዝም ጋር የተወለደች በመሆኗ ፀሐይ አትስማማትም፤ ዓምና ከግራ ዓይኗ ጥግ ምስር የምታህል ሻካራ ነገር ወጣችባትና ተመርምራ የቆዳ ካንሰር ሆና ተገኘች። ሐኪማችሁ፣ እግዜር ይስጣት፣ በሽታው ገና ከላይ ከላዩ ስለሆነ ቅባት ተቀብታ፣ ሦስት ሰዓት ቆይታ በቀይ መብራት ብትታከም ያለ ቢላ እንደምትድን፣ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ግን ዓይኗ እንደሚያሰጋት አስረዳችን። እኛም የዋሆቹ መብራቱ ለሰው የመጣ መሰለን።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ንብረት አያያዛችሁ። መብራቱን ፈርመው የተረከቡት የንብረት ሠራተኛው አቶ ወልደኢየሱስ ስለሆኑ አምፖሉ ቢቃጠል ይጠየቃሉ፤ ሳይበራ ቢኖር ግን ማንም አይጠየቅም። በዚህ ጥበብ መሠረት መብራቱን ላስቲክ አልብሰው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው አራት ቀጠሮ አሳለፉን። እሰይ፣ ንብረት እንዲህ ይጠበቃል! የእህቴን ፊት ፈርሞ የተረከበ ሰው ባለመኖሩ ብቻ አዝናለሁ።

፪. ስለ አምስተኛው ቀጠሮ። ነርሷ ቅባቱን ቀብታ ከሸፈነችላት በኋላ ቁልፉ ከአቶ ወልደኢየሱስ ጋር ባሕር ዳር መሆኑ ተሰማ፤ የሄዱትም ስለ ንብረት አጠባበቅ ሊሠለጥኑ ነው። ምን ቀርቷቸው ይሆን? ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ዘበኛው የምሳ ሰዓት ነው ብሎ ሁላችንንም ከመጠበቂያው ክፍል አስወጥቶ ቆለፈ። ቅባቱን የተቀባ ሰው ፀሐይ እንዳያገኘው የሚያዘው ማስታወቂያም ውስጥ ተለጥፎ ቀረ። በግቢው ያለው አንድ ጥላ የክቡርነትዎ ማኪና መቆሚያ ስለሆነ መጠጋት ክልክል ነው ተባልን፤ እህቴም ነጠላዋን ተከናንባ እንደቆመች ፊቷ ተለበለበ።

፫. ስለ መልስዎ። ቢሮዎ ገብተን ስናመለክት፣ ፀሐይም ብርሃን ስለሆነች ሕክምናውን እንዳገኘን እንድንቆጥረው መከሩን። ኧረ በስመ አብ! ያሳመመቻትኮ ፀሐይ ናት! አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ንቄዎታለሁ።

፬. ከሳንጃ የሚመላለሱት ገበሬ አያ ክንዱ ከንፈራቸው ላይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ቁስል አለባቸው። ምነው፣ መብራቱ እኛን ይፈራል እንዴ ብለው ጠየቁኝ፤ ጥያቄያቸውን ለርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ባለፈው ሰኞ በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ግን የየትነበርሽን ፊት ዳስሳ መብራቱን ሳታበራ ተቀመጠች። በሽታው ወደ ውስጥ ዘልቆ ዓይኗን ይዟል፤ የፊታችን ሐሙስ የግራ ዓይኗ ይወጣል። እሷ ተራዋን ለአያ ክንዱ ለቃለች፤ ቢያንስ እሳቸውን እንዳታጉላሉብን።

መብራታችሁን ትንኝ እንኳ እንዳያርፍበት እየተመኘሁ፣ ከበሩ ውጭ እንደቆምኩ ለጥ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ሰውአገኝ ዳኛው
ከቁስቋም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመግቢያችሁ በሰቀላችሁት ትልቅ ፎቶ ላይ ከመብራቱ ሥር ተኝታ ፈገግ ያለችው እህቴ ናት። መብራቱ በተመረቀ ዕለት ለካሜራ አስተኛችኋት እንጂ መብራቱ አልበራላትም። ፎቶው ከዚያ ይውረድልን ብዬ ልጽፍ ስል ተወው ብላ ከለከለችኝ። ሁለት ዓይን ኖሯት የተነሳችው የመጨረሻ ፎቶ እሱ ስለሆነ፣ አንድ ቅጂ እንዲሰጧት ትለምንዎታለች።