ከአጥር ውጭ የቆመችው ልጅ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለመሪጌታ ዘውገ፣ ደብረ ታቦር። የእግዚአብሔር ሰላም ከቤትዎ አይራቅ። እኔ ልጅዎ ሶስና እዚህ ካምፓላ ደህና ነኝ።

የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ለስብከት ከላከችኝ ወዲህ፣ ጠዋት ከኬንያዊቷ ጓደኛዬ ከዋንጂሩ ጋር መጽሐፍ አነባለሁ፤ ከዚያ ቤት ለቤት ስናስተምር እንውላለን። ጭቃው እንደ አገራችን ክረምት ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ቦሎቄያቸውን ብቻቸውን ሲኮተኩቱ አገኘናቸውና ስብከቱን ትተን አገዝናቸው። ልጃቸው ናካቶ በእኛ እምነት ከተጠመቀች ጀምሮ አያናግሯትም። መምጣታችንን ሰምታ መጣችና ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ዝናቡ ሲወርድ ሽማግሌው እኛን አስገብተው እሳት ዳር አስቀመጡን። ቆይተው ወደ ውጭ አዩና፣ “አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ እንጂ፣ በሰበስሽ!” አሏት። ዋንጂሩ በደስታ ሳቀች፤ እኔ እንባዬ መጣ። “ምን ሆንሽ?” ብትለኝ፣ “ጭሱ ነው” አልኳት።

ሰኞ ሰኞ ስደውል እማዬ “ማኅሌት ቆመው ደክሟቸው ተኝተዋል” ትለኛለች። እንኳን አረፉ፤ ጤናዎን ይጠብቁ። አገልግሎቴን ጨርሼ በጥር እመጣለሁ። ሐሙሲት ስደርስ ለእማዬ እደውላለሁ። እርስዎ ከቤተ ክርስቲያን ካልተመለሱ፣ ቢመሽም ግድ የለም፣ ደጅ ቁጭ ብዬ እጠብቅዎታለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበትዎታለሁ፤ ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሶስና