ሟች ባለቤቴን ከተረኝነት ስለማሳረፍ

ለተከበሩ የጨፌ ምንጭ የውኃ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣
ሮቤ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ቤተሰብዎ እንዴት ሰነበተ? የዘንድሮው ብርድ ጉልበትዎን አልያዘውም? የቢሮዎ ኮምፒውተርስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሰባ ስምንት ዓመቴን ይዣለሁ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፤ ጋቢዬን ራሴ አጥባለሁ፤ ባይጥምም ሽሮዬን ራሴ አበስላለሁ፤ ፈረሴን ጭኜም ጎባ ደርሼ እመለሳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀን ጋሪ ስነዳ ውዬ ማታ ማታ ነው፤ ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይታገሡኝ እንጂ ሰው ጽፎልኝ አይደለም፣ የራሴ እጅ ነው። አቅቶኝ የቀረ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ የሞተች ሚስቴን ከእርስዎ ሥራ ማስለቀቅ። ለእሱ ነው በአደባባይ የምጽፍልዎ። ይህንኑ በቢሮዎ በርና በጎረቤቴ በዘይነዲን ሱቅ መስኮት ላይም እለጥፈዋለሁ።

ለማያውቅ አንባቢ እንዲገባው፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ማናልበሽ በማኅበርዎ የፓምፕ ተቆጣጣሪ ነበረች። ፓምፑ ሲቆም ወይም የላይኛው የውኃ ጋን ሲጎድል ኮምፒውተሩ በስልኳ መልእክት ይልክባታል፤ እሷም ካፖርቷን ደርባ፣ ዝናብም ይሁን ውርጭ፣ ትወጣለች። አምና በጥቅምት ዐረፈች። ጎባ ቀበርናት። እርስዎም ከነሠራተኛዎ መጥተዋል፤ አስከሬኗን የተሸከሙት የእርስዎ ሰዎች ናቸው፤ አፈሩንም ያለበሷት እነሱ ናቸው። እርስዎም በድንኳኑ ውስጥ ቆመው፣ ማናልበሽን የሚተካ ሠራተኛ ከቶ አይገኝም ብለው ተናገሩ። እኔ የልቅሶ ቤት ወግ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን ቃልዎን የሚጠብቁ ሰው ሆነው ተገኙ፤ እነሆ እስከ ዛሬ አልተኳትም።

ቅሬታዬን በቁጥር አደርገዋለሁ፤ በእናንተ ቢሮ ቁጥር የሌለው ነገር አይነበብምና።

፩ኛ፤ ገና ድንኳኑ ሳይነሣ፣ ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ፣ ስልኳ ከመደርደሪያው ላይ ጮኸ። እህቷ እኅተማርያም አንሥታ ብታየው፣ «ወይዘሮ ማናልበሽ፣ ፓምፑ ቆሟል፤ በአስቸኳይ ይድረሱ፤ መልእክቱ እንደደረሰዎ ለማረጋገጥ 1 ብለው ይላኩ» ይላል። እኅተማርያም ስልኩን እንደ ፍም ጣለችው። ዘይነዲን «ኢንና ሊላሂ» ብሎ ተነሥቶ ቆመ። እኔ ግን ጥሪው መልስ እስኪያገኝ ጩኸቱን እንደማያቆም ከሷ ጋር ስኖር አውቄአለሁና 1 ብዬ ላክሁ፤ ከዘራዬንም ይዤ ወደ ፓምፑ ቤት ወጣሁ። እውነትም ቆሟል። ለጥበቃዋ ለሲምቦ ነገርኳት፤ እሷ ቴክኒሻን ጠራች። ከመልአከ ሞት ቀጥሎ ሰውን በስሙ ጠርቶ የማይስት እናንተን ብቻ አገኘሁና ስለዚህ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፤ ከአርባዋ በኋላ ስልኩን ዘጋሁት። የላይኛው ሰፈር ሁሉ ቧንቧው ደረቀበት። ጎረቤታችን ሎሚ የአራስ ልጇን ጨርቅ የምታጥብበት አጥታ ጄሪካን ተሸክማ እስከ ወንዙ ወረደች። ሰዎች ቢሮዎን ሲጠይቁ «ለሚመለከታት ሠራተኛ በወቅቱ አሳውቀናል» ተባሉ። ሐሰት አልተናገራችሁም፤ አሳውቃችኋታል። እኔም የሎሚን ጀርባ አይቼ ስልኩን መልሼ ከፈትኩት፤ 1 እያልኩ መላኩንም ቀጠልኩ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የቤቴ ሁኔታ እንዲህ ነው፦ ልብሷ ለነዳያን ተሰጥቷል፤ አልጋዋ ተነሥቷል፤ ስልኳ ግን እንደ ሕያው ሰው በየቀኑ ቻርጅ ይበላል። በጮኸ ቁጥር ጆሮዬ የጫማዋን ኮቴ ይጠብቃል። አንድ ቀን በረዶ ሲጥል ጮኸና፣ ፊቴን ሳላዞር «ካፖርትሽን ደርቢ» አልኩ። የመለሰልኝ ስልኩ ነው፤ ደግሞ ጮኸ።

፫ኛ፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ደግ ሰው ናቸው። ሄጄ ብለምናቸው ዓይኔ እያየ ስሟን አጥፍተው የመሳይን፣ ያንን አዲሱን የፓምፕ ሠራተኛ፣ ስምና ቁጥር አስገቡልኝ። ስልኩ ዝም አለ። እኔም ቤቴ ገብቼ እንደ አዲስ አለቀስኩ፤ የዚያን ዕለት የሞተች መሰለኝ። ከዚያ መብራት ሄዶ መጣ፤ ስልኩም ጮኸ፤ «ወይዘሮ ማናልበሽ» አለ። ተመልሼ ሄድኩ፤ አጠፉልኝ፤ መብራት ሄዶ መጣ፤ ተነሣች። የሮቤ መብራት ደግሞ አመሉን ያውቁታል። ትንሣኤን በዓመት አንድ ጊዜ እናከብር ነበር፤ በእናንተ ቢሮ ግን መብራት በመጣ ቁጥር ሙታን ይነሣሉ።

፬ኛ፤ ይህንን ነገር የዘይነዲን ልጅ ሰቢሪና፣ ሮቤ ላይ የድረ ገጽ ፕሮግራም እየሠራች የምትተዳደረው፣ አስረዳችኝ። መጀመሪያ እንዳልፈራ ብላ «አብሽር አባባ፣ ጂን አይደለም፣ ሴቲንግ ነው» አለችኝ። እኔም ጂን ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ጂን በጸበል ይለቃል አልኳት። ነገሩ እንዲህ ነው አለች። የእናንተ ፕሮግራም ፓይተን በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ነው። በወጉ ሲሠራ የሚለዋወጥ ነገር ሁሉ፣ የተረኛ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል፣ ከፕሮግራሙ ውጭ ለብቻው በፋይል ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙም ሲነሣ እዚያ ሄዶ ያነባል፤ ሰው ሲሄድ ሰው ሲመጣ ያ ፋይል ብቻ ይታረማል። የሙከራው ለብቻ፣ የሥራው ለብቻ ይደረጋል። የእናንተን ፕሮግራም የሠራው ሰው ግን ለሙከራ ብሎ፣ በጊዜው አጠገቡ የነበረችውን የማናልበሽን ስምና ቁጥር በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ጻፈ፤ ሙከራው ሲያልቅም ሳያወጣት ሄደ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ የሚያደርጉት ለነቃ ሰው በጆሮው እንደ መንገር ነው፤ ማሽኑ ተኝቶ ሲነሣ በጆሮው የነገሩትን ይረሳል፤ በሆዱ ያለውን ያስታውሳል። እኔም በጋሪ ነጂ አእምሮዬ ገባኝ፤ ልጓም ፈረሱ ሲቀየር ይፈታል፤ እናንተ ግን ልጓም መሆን የሚገባውን በፈረሱ ቆዳ ላይ ተኮሳችሁት።

፭ኛ፤ ይህን ሰምቼ፣ ስሟ ከፕሮግራሙ ሆድ እንዲወጣ በማመልከቻ ጠየቅሁ። ማኅተም ያለበት መልስ ሰጣችሁኝ፤ «የሠራተኛ መረጃ ከፕሮግራሙ ላይ የሚሰረዘው ባለመረጃዋ በአካል ቀርበው ሲፈርሙ ብቻ ስለሆነ፣ ወይዘሮ ማናልበሽ በሥራ ሰዓት እንዲቀርቡ» ይላል። ጎባ መቃብሯ ላይ ወስጄ አነበብኩላት። የሰማች አልመሰለኝም።

ቁጥር ያልሰጠሁት አንድ ነገር አለ፤ ቅሬታ ይሁን ደስታ አላውቀውምና። ባለፈው ሰሞን በቢሮዎ ሰሌዳ ላይ «የሩብ ዓመቱ ፈጣን ምላሽ ሰጪዎች» የሚል ተለጥፎ አየሁ። አንደኛ ማናልበሽ፤ ሁለተኛ መሳይ። መሳይ ወጣት ነው፣ ልቡ እንዳይሰበር አጽናኑልኝ፤ እሷ ከበፊትም ሰው አያስቀድማትም ነበር። ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆምኩ። ስሟ በሕያዋን መካከል ተጽፎ ሳየው ልቅደደው ብዬ እጄን አነሣሁ፤ እጄ ግን ስሟን ዳብሶ ተመለሰ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው፦ ስሟን ከዚያ ሆድ አውጡልኝ፤ በውጭው ፋይል ደግሞ እስትንፋስ ያለው ሰው ጻፉ፤ ውኃው እንዳይቋረጥ፣ እሷም እንድታርፍ። ከዚህ ሌላ ያለው ዕዳ የራሴ ነው፣ ማንንም አላስቸግርም። ያለ ተራዋ እየቀሰቀስኩ ያስቸገርኳትን ሲምቦን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሎሚ፣ ስልኩን ለዘጋሁባት ጊዜ፣ በፈረሴ ውኃ አመላልስላታለሁ። ሰቢሪናን፣ ላቀመሰችኝ እውቀት፣ ልጅ ስትድር ደርሼ እመርቃለሁ። ለማናልበሽም፣ የመጨረሻው መልእክት የተላከላት ዕለት፣ ስልኩን በገዛ እጄ አጥፍቼ «በቃሽ፣ ግቢ» እላታለሁ፤ ይህችን ቃል በሕይወቷ ሳለች ከእኔ ሰምታ አታውቅም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በማኅበርዎ ያልተቀጠረ፣ ያልተሾመ፣ ነገር ግን ከሥራ ገበታው ያልቀረ፣
የተረኛዋ ባል፣
ብዙነህ አጥናፉ
ሮቤ፣ ላይኛው ሰፈር

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን አጥፌ ልለጥፍ ስወጣ ስልክ ጮኸ። የሷ አይደለም፣ የእኔ ነው፤ በማመልከቻዬ ግርጌ ያሰፈርኩት ቁጥር። «ወይዘሮ ማናልበሽ፣ የላይኛው ጋን ባዶ ነው፤ በአስቸኳይ ይድረሱ» ይላል። ሰቢሪናን ብጠይቃት፣ ስሙና ቁጥሩ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ በሁለት ቦታ ለየብቻ ተጽፈው ኖሯል፤ ባለሙያዎ ቁጥሩን በእኔ ቀይረው ስሙን እንዳለ ትተውታል አለችኝ። ሁለቱ አንድ ይሆናሉ ብሎ ቄሱ በሠርጋችን ዕለት የተናገረው ዛሬ በእናንተ እጅ ተፈጸመ፤ አመሰግናለሁ። 1 ብዬ ልኬአለሁ፤ ወደ ፓምፑ ቤትም እየወጣሁ ነው። እንግዲህ በማኅበርዎ ፕሮግራም መሠረት ማናልበሽ እኔ ነኝና፣ ባለመረጃዋ በአካል ቀርበው ይፈርሙ ባላችሁት መሠረት ሰኞ ጠዋት በሥራ ሰዓት በአካል እቀርባለሁ። ስሟን ጠርታችሁ አስገቡኝ።