ምንጣፍ ላይ ታትሞ ስለ ቀረው ምስጋናዎ

ለተከበሩ የሠፈራችን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፣ ማለትም ጄኔሬተሩ ባለበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደስታ፣ ለቢሮዎ ጄኔሬተርም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋሁ፣ የመሥሪያ ቤትዎንም ደንበኝነት ከትዳሬ ባልተናነሰ ትዕግሥት የያዝኩ ሰው ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ልከስዎት ፈልጌ አይደለም፤ ውለታዎ ለአንድ ሰው ትከሻ ቢከብድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጄ እጮኛ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ሊመጡ ሆነና፣ የሳሎናችን ወለል ስንጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ባለቤቴ ከታላቅ እህቷ ምንጣፍ ተዋሰች። ይህችን እህት ቤተሰቡ “ኮሚሽነሯ” ይላታል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሰበርንባትን ፔርሙስ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ዛሬም ታነሳዋለች። ምንጣፉን ሰጥታን ከወጣች በኋላ ከበሩ ተመልሳ ባለቤቴን፣ “እንደ ፔርሙሱ ካደረጋችሁት፣ እህት አለችኝ እንዳትዪ” አለቻት። እንግዲህ ክቡርነትዎ እንደሚረዱት፣ ሳሎናችን ላይ የተዘረጋው ምንጣፍ ብቻ ሳይሆን የሁለት እህትማማቾች ቀሪ ዘመን ነበር።

አቤቱታዎቼን ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ማስታወቂያዎ። በርዎ ላይ የተለጠፈው ወረቀት መብራት የሚጠፋው ማክሰኞና ሐሙስ ነው ይላል። እኔም ማንበብ መቻሌ ጎዳኝና እንግዶቼን ለቅዳሜ ጠራሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ሠፈሩ ፏ ብሎ ሰነበተ። ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ እንግዶቹ ደጃፋችንን ሲረግጡ ድርግም አለ። ልጄ ሻማ ለኩሶ እየሮጠ መጣ፤ በደንብ ያሳደግነው ልጅ ነውና የወደፊት አማቱን ሲያይ ሻማውን እንደያዘ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ሻማውም አብሮት እጅ ነሳ። የቀለጠው ሰም በሙሉ የኮሚሽነሯ ምንጣፍ መሀል ላይ ተዘረገፈ።

፪ኛ/ ስለ በረዶው። ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ሰም በትኩሱ አይፈተግም፤ ይብሳል። በበረዶ አድርቀው በማንኪያ ጫፍ ቀስ እያሉ ይፈቀፍቁታል። ይህን ሙያዬ አስተምሮኛል። በረዶ ፍለጋ ፍሪጁን ስከፍተው ግን ለብ ያለ አየር ፊቴን ዳሰሰኝ። ለዚህም አመሰግናለሁ፣ ብርድ አልወድም።

፫ኛ/ ስለ ካውያው። ይህ ረዘም ይላልና ወንበርዎን ያመቻቹ። በማንኪያ ያልተነሳው ሰም ላይ ወረቀት ይነጠፍና ለስለስ ባለ ሙቀት ይተኮሳል፤ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወረቀቱ ይጠጣዋል። ሙቀቱን የሚሰጠው እንግዲህ እርስዎ ነዎት። የከሰል ካውያዬን፣ “ከእንግዲህ አስተማማኝ አገልግሎት” ብለው ቃል የገቡ ዕለት አሮጌ ዕቃ ለሚሰበስበው ሰው በደስታ ሰጥቼዋለሁ። እሑድ ረፋድ ላይ መብራት መጣ። ቤቱ ተተራመሰ። ሰም የሚጠጣ ወረቀት ሲፈለግ የተገኘው የእጅጌ ልክ የምቀድበት የቢሮዎ በራሪ ወረቀት ብቻ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጽሑፉን ወደ ታች ደፍቼ ዘረጋሁትና ተኮስኩ። ሰሙ መነሳት ጀመረ፤ ባለቤቴም ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀች። በዚያችው ቅጽበት መብራቱ ጠፋ። ሰሙ ወረቀቱን ይዞ ደረቀ። ወረቀቱን ስልጠው እሱ እሺ ብሎ መጣ፤ ቀለሙ ግን አልመጣም። የምንጣፉ መሀል ላይ በትልልቅ ሰማያዊ ፊደላት፣ በመስታወት ካልሆነ በማይነበብ አኳኋን ተገልብጦ፣ “ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን” የሚል ቀረ።

፬ኛ/ ስለ መስተንግዶዎ። ሰኞ ጠዋት የሩብ ሰዓት መብራት ልለምን ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ነግራኝ ሁለት ሰዓት ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ጄኔሬተሩ ይዘምራል፣ አምፖሎቹ ያበራሉ፣ እግሬ ሥር ደግሞ ጠብታ ሰም ያልነካው ወይን ጠጅ ምንጣፍ ተዘርግቷል። የሙያ ነገር ሆኖ ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበርና፣ ሥራ ከመፍታት ብዬ ለካሁት። አራት በሦስት።

ይሁን እንጂ ምስጋናም አለብኝ። በሻማ ብርሃን እንግዶቻችን የግድግዳችንን ስንጥቅ አላዩም። የልጅቷ አባት ደግሞ ሲስቁ ቆይተው፣ “ትሁት ልጅ ነው፤ ሻማው እንኳ ከሱ ተምሯል” ብለው ጉዳዩን በዚያው ጨረሱልን። ሠርጉ ቅዳሜ ይሁን ማክሰኞ እርስዎን ሳናማክር አንቆርጥም።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ኮሚሽነሯ ምንጣፏን ልትወስድ መጣች። ባለቤቴ ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ኮሚሽነሯ ምንጣፉን ዞረችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። መስታወት አምጡ አለች። አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ፣ “ማነው እኔን የሚያመሰግነው?” አለችኝ።

እውነት ይሻላል ብዬ ስምዎን፣ ፎቁንና የክፍሉን ቁጥር ጻፍኩላት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እህቷን ከማድ ቤት ጠርታ ሻይ አፍዪ አለቻት። አብረው ጠጡ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፔርሙሱ ሳይነሳ አመሸ። ለካ የሷ ቂም ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው፤ ተራው እርስዎ ጋ ደርሷል።

ፊትዎ እንደ አምፖልዎ፣ ዕድሜዎም እንደ ወረፋዎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣

ታማኝ ደንበኛዎ፣
ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ኮሚሽነሯ ምንጣፏን ጠቅልላ ሐሙስ ጠዋት ትመጣለች። ሐሙስን የመረጠችው በማስታወቂያዎ መሠረት መብራት የሚጠፋበት ቀን ስለሆነ ነው፤ እንደሚበራ እርግጠኛ ናት። የእንግዳ መቀበያዎ ምንጣፍ ከሷ ምንጣፍ ጋር በልክ አንድ መሆኑን ነግሬያታለሁ። ይዛው እስክትወጣ ድረስ፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።