ልጄን ስለ ዕረፍት ላሠለጠኑልኝ ኃላፊ

ይህን ደብዳቤ የምትጽፈው ጎረቤቴ ወይዘሮ ሠርከአዲስ ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ፍርድ ቤት ስትተይብ የኖረች ሴት ስለሆነች እጇ የታመነ ነው፤ አፉ ግን የእኔ የሙህዲን ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምለውን ግን አውቃለሁ። ቃሌን ለማለዘብ ስትሞክር ስለያዝኳት፣ የሚከፋ ነገር ካገኙ ከእኔ፣ ለስለስ ያለ ካገኙ ከእሷ መሆኑን ይወቁልኝ።

ለክቡር አቶ ለሊሳ
የደጋው ተከላካይ ጠበቆች ማስተባበሪያ ኃላፊ
ሮቤ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤትዎ ነጋ፣ ሰላም ነው? ልጆችዎስ ነጋ ናቸው? እንቅልፍዎስ? እንቅልፍዎ ደህና መሆኑን ባለፈው ገበያ ዕለት ከፊትዎ አይቼዋለሁ፣ አልሐምዱሊላህ፤ አላህ አይቀንስብዎ። እኛም ዲንሾ ደህና ነን፤ ገብሱም ዘንድሮ አልከፋም። የከፋን በልጃችን በሰቢሪና በኩል ብቻ ነው። እርስዎ ያውቋታል፤ ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆማት ጠበቃ እሷ ናት። ከረመዳን በኋላ ችሎት ፊት ቆማ፣ «የተከበረው ፍርድ ቤት» ብላ ጀምራ፣ የምትከራከርለት ሰው ስም ጠፍቶባት፣ ጠረጴዛውን እንደያዘች መሬት ላይ የወደቀችው እሷ ናት።

የተነሣሁት ለማመስገን ነው። ውለታዎ ብዙ ስለሆነ በተራ ላስቆጥር።

አንደኛ፤ ልጄ በወደቀች ሳምንት ሳይሞላ ጎባ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው «የጠበቆች ደህንነት» የተባለ ሥልጠና ስላዘጋጁልን እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ነበር። ከሳምንቱ ልብሷን የምታጥብባት፣ ከእናቷ ከሙሉካ ዘንድ መጥታ ጋደም የምትልባት ቀን ያቺው አንዲት ቅዳሜ ነበረች፤ እሷንም ስለ ዕረፍት ሲያስተምሯት ዋሉ። አሠልጣኙ «አየር ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ» ሲላቸው ነበር አሉ። መተንፈስን ስትወለድ የተማረች መስሎኝ ነበር፤ እንደገና ስላስጀመሩልኝ ውለታዎ አለብኝ። ነጭ ካናቴራም ሰጥተዋታል፤ «ራሴን እንከባከባለሁ» ይላል አሉኝ። እሷ አልለበሰችውም፤ ገብስ ስናርም እኔ ለብሼዋለሁ። ጨርቁ መልካም ነው።

ሁለተኛ፤ የደህንነት ኮሚቴ አቋቁመው፣ የወደቀችውን እሷኑ ሰብሳቢ ስላደረጉልን ኮርተናል። «ከእሷ የበለጠ ልምድ ያለው የለም» ብለዋል አሉ። እውነትዎን ነው። አሁን ጠበቆቹ ምን ያህል እንዳረፉ በየወሩ ሪፖርት ታቀርባለች፤ ሪፖርቱን የምትጽፈውም ሌላው ሰው በሚያርፍበት ሰዓት ነው። ከያዘቻቸው መዝገቦች ግን አንድም ወደ ሌላ ሰው አልሄደም።

ሦስተኛውን ሠርከአዲስ አልጽፍም ብላለች። «ጋሼ ሙህዲን፣ ይህን ከጻፍኩ ሁለታችንም እንከሰሳለን፤ ተከሰንስ ማን ይቆምልናል? ልጅዎ እንደሆነች ታማለች» አለችኝ። ሳቅን። ስለዚህ አራተኛው ላይ ነን።

አራተኛ፤ የዓመት ፈቃዷን ስትጠይቅ «ለሥራው አስፈላጊ ነሽ» ብለው ስለመለሷት። አስፈላጊ መሆኗን የወለድናትም እናውቅ ነበር፤ በማኅተም ስላረጋገጡልን ግን አመሰግናለሁ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በመጪው ወር አንገቱ በምትባለው ከተማ በሚቀመጠው ተዘዋዋሪ ችሎት እንድትቆም መድበዋታል፤ «ጫካው ያፍታታታል» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። የሐረና ጫካ ያማረ ነው። እዚያ የሚጠብቃት ግን ዛፍ አይደለም፤ የነፍስ ግድያ ክስ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይስሙኝ። በሰፈራችን ደም የተቃባ ወገን ሲታረቅ፣ እኛ ጉማ በምንለው፣ ለገዳይ ወገን ቆሜ ስናገር የኖርኩት እኔ ነኝ። ለገዳይ መናገር ቀላል አይምሰልዎ። የሟች እናት ፊት ለፊትዎ ተቀምጣ ዓይንዎን ታያለች፤ የገዳዩን ሳይሆን የእርስዎን። በእኛ መንደር እንዲህ የዋለ ሽማግሌ አዝመራው እስኪገባ ሌላ ጉዳይ አይሰማም። ጎረቤት ወተት ያመጣለታል፣ ከብቱን ያግድለታል፤ ክርክር ይዞ ደጁን የሚረግጥ ሰው ቢገኝ የገዛ ዘመዶቹ አፍረው ይመልሱታል። ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የሰው ሐዘን የገባበት ሰው ሐዘኑ እስኪወጣለት ፍርዱ ስለማይቃና ነው። የእኔ ልጅ ግን ጠዋት ለገዳይ ትናገራለች፣ ከሰዓት ለቀማኛ፣ በማግሥቱ ሕፃን ደፈረ ለተባለ። አንድ ቀን የሟች እናት ችሎት በር ላይ ጠብቃ ነጠላዋን ይዛ «አንቺን ሰው ነው የወለደሽ?» አለቻት። ሰቢሪና እናቲቱን አልተቀየመችም። ቤት መጥታ ግን ሙሉካን «እማ፣ ምን ብዬ መመለስ ነበረብኝ?» አለቻት። ሥልጠናዎ ላይ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ እንደሆነ አላውቅም።

እኛም ከእርስዎ አልተሻልንም፤ ይህን ልሸሽግ አልፈልግም። ሙሉካ «ዓይን ነው፣ ዱአ ያስፈልጋታል» ብላ ሕዝብ ለስለት በሚጎርፍበት በዝያራው ሰሞን ሼክ ሁሴን መቃብር ድረስ ወሰደቻት። እዚያ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል አንዱ፣ ወንድሙን ያስፈታችለት ሰው፣ አወቃትና «ጠበቃዋ መጣች!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ዱአው ቀረ። ባለ መሬቱ፣ ባለ ውርሱ፣ ልጁ የታሰረበት ሁሉ የዝያራ ዱላውን እንደያዘ ዛፍ ሥር ከበባት። አንዱ ሽማግሌማ «አንቺ ልጅ፣ አላህ ነው የላከሽ፤ ፈጠን በይ እንጂ መኪና ያመልጠኛል» ሲላት፣ ሙሉካ በያዘችው ጃንጥላ ልትመታው ምንም አልቀራት። ልጅቷ ግን ሁሉንም ሰምታ፣ ለሁሉም መልሳ፣ ከሄደችበት የባሰ ደክማ ተመለሰች። እምቢ ማለት አታውቅበትም። እርስዎ ደግሞ ይህን ቀድመው አውቀዋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰቢሪና ከትናንት ጀምሮ እኔ ቤት ናት። «አንገቱ አትሄጂም» ስላት፣ «አባ፣ ሰዎቹስ? ሰዎቹን ለማን ልተዋቸው?» አለችኝ። ይህ ጥያቄዋ እውነተኛ ነው፤ እስር ቤት ያለው ሰው የእኔ ልጅ ስለደከመች ያለ ተከራካሪ መቅረብ የለበትም። ስለዚህ መልሱን እኔ ሰጠኋት፦ አቶ ለሊሳ አሉ አልኳት። እርስዎ ኃላፊ ከመሆንዎ በፊት አንደበትዎ የታወቀ ጠበቃ እንደነበሩ አገር ያውቃል። ካባዎን ብል ካልበላው፣ አንገቱ ይሂዱና ይቁሙ። የቀሩትን መዝገቦች ለሌሎቹ ያከፋፍሉ፤ ካልበቁ የበላዮችዎን ሰው ይጠይቁ። እሷ ግን አዝመራው እስኪገባ የትም አትሄድም። ይህን ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ «እሺ አባ» አለች። ስለዚህ ፈቃድ እየጠየቅኩዎ አይደለም፤ እያሳወቅኩዎ ነው። መጥተው ሊወስዷት ቢያስቡ፣ በሬ ላይ የሚያገኙት እኔን ነው። ወንበርም አወጣልዎታለሁ፤ ቁጭ ብለን ስለ ደህንነት እንወያያለን።

ትከሻዎ የሰው ሸክም ሳይነካው በሰላም እንዲያረጅ የምመኝልዎ፣ ስለ ሰጡን ካናቴራ ምስጋናዬ የማያልቅ፣ መፈረም ስለማልችል አውራ ጣቴን ያኖርኩልዎ፣ የሰቢሪና አባት

ሙህዲን
ከዲንሾ

ግልባጭ፦
የፍርድ ቤት ጥሪ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ ይህን እያስጻፍኩ ሳለ ከቢሮዎ አንድ ሰው በልጅቷ ስልክ ደውሎ ነበር። የዕረፍት ሪፖርቱ ዘግይቷል ነው የሚለው። ሙሉካ አነሣችና ተኝታለች አለችው። «እንግዲያው ስትነቃ መተኛቷን ጨምራ ትጻፍልን» አላት። ሙሉካ የመለሰችለትን እሱ ራሱ ይንገርዎ፤ እንዲህ ያለ ቃል እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

በይ ሠርኬ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ግን ዝቅ አድርጊው፤ ልጅቷ እንዳትነቃ።